«ወድቀው ነው» የተባሉት እናት

ሲስተር ይውለቅ እንላታለን። እናቷ ያወጡላት ስም ሌላ ነው፤ በድንገተኛ ክፍል የምንሠራው ሰዎች ግን ሌላ ስም እንዳላት ከረሳን ዓመታት አልፈዋል። ስሙን የለጠፈባት ቃሬዛ ገፊው ነው። ዕድሜው የገፋ ሰው ተጎድቶ በመጣ ቁጥር፣ የተቆረጠው ጣቱ ብቻ ቢሆን እንኳ፣ ከአፏ የሚወጣው የመጀመሪያ ቃል «ልብሳቸው ይውለቅ» ነውና።

«ኧረ ጣቴን ነው ልጄ!» ይሏታል ሽማግሌው አፍረው።

«ጣትዎንማ አየሁት አባባ፤ ያላሳዩኝን ልይ» ትልና መጋረጃውን ትስበዋለች።

እኔ ከኮሪደሩ ማዶ ራጅ አነሣለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረን ሠርተናል፤ እሷ ትልካለች፣ እኔ አነሣለሁ። ትከሻዋ ሰፊ፣ ድምጿ ወፍራም፣ ስትራመድ ወለሉን የምታስጨንቅ ሴት ናት። ሥራ ላይ ግን ዝግታዋ ያበሽቃል። ሐኪሞቹ «አንቺ ሴትዮ፣ ሰልፉን አታይም እንዴ?» ሲሏት፣ «ሰልፍ ይቆማል፤ የማይቆመው ሞት ነው» ትላቸዋለች። ከላይኛው ረድፍ አንድ የፊት ጥርስ የላትም። «ይውለቅ» ማለት የጀመረችው ጥርሷ ከወለቀ ወዲህ ነው ብለው የሚቀልዱባት አሉ። ቀልድ ይምሰል እንጂ እውነት ነው።

ሥራ በጀመረች በአራተኛው ዓመት አንድ ሽማግሌ ሞተር ብስክሌት ገፍቷቸው መጡ። ግንባራቸው ተተርትሮ ደሙ እስከ ጢማቸው ወርዷል፤ እሳቸው ግን ይስቃሉ። «የተጎዳውስ ባለ ሞተሩ ወጣት ነው፤ እኔማ አሮጌ ጨርቅ ነኝ፣ ብሰፋ ምን አለ» እያሉ ክፍሉን በሳቅ ገደሉት። ሰባት ቦታ ሰፋችላቸው፣ ፊታቸውን አጠበችላቸው፣ በሰላም ሸኘቻቸው። ምን መድኃኒት እንደሚወስዱ አልጠየቀችም። ጠይቃ ቢሆን ደም የሚያቀጥን ክኒን በየቀኑ እንደሚውጡ ይነግሯት ነበር።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ልጆቻቸው የቤት በር ነቅለው፣ በበሩ ላይ አስተኝተው ይዘዋቸው መጡ። አንደኛው የዓይናቸው ብሌን ሰፍቶ ዓይናቸውን ጥቁር አድርጎታል፤ ያንኮራፋሉ። እሷ የሰፋችው ቁስል ደህና ነበር፤ አንድም ክር አልላላም። ጭንቅላታቸው ውስጥ ግን ሌሊቱን ሙሉ ደም ሲንጠባጠብ አድሯል። ቀትር ሳይሆን ሞቱ።

ሦስት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው። ትልቁ የመድኃኒት ቁም ሣጥኑን መስታወት በክርኑ አደቀቀው። ትንሹ ግድግዳውን በግንባሩ ይመታ ጀመር። መካከለኛው ወንበር አነሣና፣ «ሳቅሽ አይደል? ትናንት ስቀሽ አይደል የሸኘሽው?» እያለ የወንበሩን እግር በአፏ ላይ አሳረፈው። ወደቀች። ደሙን ከነጥርሷ መዳፏ ላይ ተፋችው። ዘበኞቹ ሰውዬውን መሬት ላይ አጋድመው በጫማ ሊረግጡት ሲሉ፣ በዚያው ባበጠ አፏ «ተዉት» አለች። «ተዉት፤ እውነቱን ነው።» አልከሰሰችውም። ጥርሱንም ልታስተክለው አልፈለገችም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው እንግዲህ ሽማግሌና አሮጊት ሲመጣባት እንደ ዕቃ ገልብጣ የምታየው። የመድኃኒት ብልቃጥ ከኪስ፣ ከመቀነት፣ ከጡት መያዣ ሥር ሳይቀር ትፈልጋለች። «ወጣት ሲጎዳ ሰውነቱ ይጮሃል፤ ሽማግሌ ሲጎዳ ሰውነቱ ያምቃል» ትል ነበር ተማሪዎቹን። «የሚታየው ቁስል ዘበኛ ነው። እሱን ሰላም ብላችሁ እለፉና ወደ ቤት ግቡ።»

ልነግራችሁ የፈለግሁት ግን የአንድ ማክሰኞ ጠዋት ጉዳይ ነው።

ያን ዕለት ገና ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ሁለት የጭነት መኪና ጫኞች በስለት ተሞሻልቀው መጡብን። አንዱ ሆዱ ተቀዶ በሁለት እጁ ደግፎት ይጮሃል፤ የሌላው ጆሮ በቆዳ ብቻ ተንጠልጥላለች። ዘመዶቻቸው ውጭ የጀመሩትን ድብድብ ኮሪደሩ ውስጥ ገብተው ቀጠሉት። አንዷ ሴት በጫማዋ ተረከዝ የሌላዋን ግንባር ፈነከተቻት። ወለሉ በደም ስለራሰ ቃሬዛ ገፊው ሁለት ጊዜ አዳለጠው። አንድ ፖሊስ መጥቶ መሃል ገባ፤ ባርኔጣው ተረገጠ። ሐኪሞቹም ነርሶቹም ሁሉም ወደሚጮኸው ሮጡ።

ሲስተር በሩ ላይ ቆማ ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየችው። እንዲህ ባለ ቀን የምትለው አንድ ነገር ነበራት፦ «የሚጮህ ሰው ትንፋሽ አለው። ዝም ያለውን ፈልጉልኝ።»

ዝም ያሉት ጥግ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሰባ አምስት ዓመት የሚሆናቸው፣ አጠር ያሉ እናት ናቸው፤ በዚያ ሙቀት ረጅም እጅጌ ሹራብ ለብሰው፣ ግራ እጃቸውን በሻሽ አንጠልጥለዋል። አጠገባቸው ልጃቸው ቆሟል። አርባን የተሻገረ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አነጋገሩ ማር የሆነ ሰው ነው። ቀኝ እጁን ከኪሱ አላወጣም።

«መታጠቢያ ቤት አዳልጧቸው ወድቀው ነው፣ ሲስተር» አለ ገና ሳይጠየቅ። «ዕድሜ ነው እንግዲህ። ብትችሉ ቶሎ ጀሶ አድርጉልንና እንሂድ፤ እዚህ ደም እያዩ ይረበሹብኛል።»

«እማማ፣ ምን ሆነው ነው?» አለች ሲስተር ጎንበስ ብላ።

እናትየው ቀድመው ወደ ልጃቸው አዩ። «ወድቄ ነው» አሉ።

«መቼ?»

አሁንም ወደ እሱ አዩ። «ትናንት» አለ እሱ። «ማታ ነው፤ እስኪነጋ ብለን።»

አዲሱ ሐኪም በዚያ ሁሉ ትርምስ መሃል መጥቶ እጃቸውን ዳሰሰ፤ የልብ ትርታቸውን ለካ፦ ሰባ አራት። የደም ግፊታቸው መቶ ስምንት በስልሳ። ሆዳቸውን ጫን ጫን አደረገው፤ ለስላሳ ነው። «ደህና ናቸው። ክንዳቸው ራጅ ይነሣና ጀሶ እናደርጋለን» ብሎ ሆዱ ወደተቀደደው ሰው ተመለሰ። በሐኪሙ አልፈርድም። ቁጥሩን ያየ ሰው ሁሉ እንደ እሱ ይል ነበር።

ሲስተር ግን የእናትየውን ቀኝ እጅ ይዛ ቆየች። በዚያ ሙቀት እጃቸው እንደ ብረት ቀዝቅዞ በላብ ረጥቧል።

«ልብሳቸው ይውለቅ» አለች።

«ለምን?» አለ ልጁ። ማሩ ከድምፁ ላይ ትንሽ ቀነሰ። «ክንዳቸውን ነው የተመቱት። ማለቴ፣ የወደቁት በክንዳቸው ነው።»

ሲስተር ይህን ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች። «እሺ ወንድሜ፤ መጀመሪያ ራጅ ይነሡ» አለችና ቃሬዛ አስመጥታ ወደ እኔ ገፋቻቸው። ልጁ እየተከተለ መጣ። የክፍሌ በር ላይ ስትደርስ የማስጠንቀቂያውን ምልክት አሳየችው። «ጨረር ነው። ወልደህ ጨርሰህ ከሆነ ግባ።» ሰውዬው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ገብታ በሩን ከውስጥ ቀረቀረችው። በዚያ ሆስፒታል ውስጥ ዘመድ የማይገባበትና ከውስጥ የሚቆለፍ ክፍል የእኔ ብቻ መሆኑን አስባበት ነው የመጣችው።

ሹራባቸውን በመቀስ ቀደድነው። እኔ የተሰበረ ነገር ማየት እንጀራዬ ነው፤ ቢሆንም ፊቴን አዞርኩ። በሁለቱም ክንዳቸው ላይ፣ ከብብታቸው ዝቅ ብሎ፣ አራት አራት የጣት አሻራ ጠቁሮ ተቀምጧል። ጀርባቸው ላይ የቀበቶ ዘለበት ከነአራት ማዕዘኑ ታትሟል፤ አንዱ ወደ ቢጫ የዞረ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ገና ቀይ። ቁርጭምጭሚታቸውን የገመድ ጠባሳ እንደ አልቦ ዞሮታል። ግራ ጎናቸው ላይ፣ ከጡታቸው ሥር፣ የጫማ አፍንጫ የሚያህል ትኩስ እብጠት አለ።

ክንዳቸውን አነሣሁ። ከዚያ ሳልታዘዝ ጎናቸውንም አነሣሁ። ሦስት የጎድን አጥንቶች ትኩስ ስብራት ናቸው፤ ከበላያቸው ደግሞ ሁለት ሌሎች ድሮ ተሰብረው፣ ሐኪም ሳያያቸው በጠማማው የገጠሙ አሉ። ስማቸውን በማኅደሬ ሳገላብጥ ሌላ ነገር አገኘሁ። ከስምንት ወር በፊት እኚህን ሴት እኔው ራሴ አንሥቻቸው ኖሯል። ሦስት ጣታቸው ተሰብሮ፤ «በር ተዘጋባቸው» ተብሎ። ያኔ ጣታቸውን ብቻ አነሣሁና «ቀጣይ!» ብዬ ተጣራሁ። እጅጌያቸውን ከፍ አድርጌ ብሆን ኖሮ! ይህን ለሲስተር ያን ሰዓት አልነገርኳትም። 

ሲስተር ከቃሬዛው አጠገብ ተንበረከከች።

«እማማ፣ ቤት ውስጥ ማን አለ?»

«ልጄ።»

«ሌላስ?»

«እግዜር።»

«እግዜር ደግሞ በቀበቶ አይማታም።»

 ሲስተር የራጁን ፎቶ በብርሃኑ ፊት ያዘችላቸው።

«ይኸውልዎት። ሰው ሲወድቅ መዳፉን ዘርግቶ ነው የሚያርፈው፤ የሚሰበረውም እዚህ፣ አንጓው ላይ ነው። የእርስዎ ግን የተሰበረው መሃል ክንድዎ ላይ፣ በትንሿ ጣት በኩል ነው። እንዲህ ሲሆን የማውቀው ሰው...» አለችና የራሷን ክንድ በፊቷ ላይ ከለለች፤ ከላይ የሚመጣ ዱላ እንደሚመክት ሰው።

አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ያልተጎዳው እጃቸው ብቻውን ተነሥቶ ፊታቸውን ሸፈነ። አንድም ቃል አልተናገሩም፤ እኔ ግን ወሬውን ከእጃቸው ሰማሁት።

«ወድቄ ነው አልኩሽ እኮ፣ ልጄ» አሉ በመጨረሻ። ቀጥለው ደግሞ፣ ነገር እንደሚለውጥ ሰው፣ «የሚገርመኝ ይሄ ግራ ትከሻዬ ነው። እንደ እሳት ያቃጥለኛል። ትከሻዬን እንኳ አልነካኝም» አሉ።

 ያሉትን እሳቸውም ሰሙት፤ አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ።

ሲስተር ግን የያዘችው ሌላ ነገር ነበር። ብድግ አለች። «ትከሻዎን አልነካዎትም?»

«አልነካኝም።»

«ጎንዎን ነው በእግሩ?»

በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። እንባቸው ወደ ጆሯቸው ፈሰሰ። «በበር መቀርቀሪያው ክንዴን፣ ከዚያ ስወድቅ በጫማው። ሾርባው ቀዝቅዞበት ነው። ከሥራ ደክሞት መጥቶ።»

«የሚውጡት ክኒን አለ እማማ?»

ከደረታቸው ሥር በመሐረብ የተቋጠረ ነገር አወጡ። የግፊት ክኒን ነው፤ ከእሱ ጋር አራት ቦታ የታጠፈ የክትትል ካርድ። ሲስተር ካርዱን አንብባ ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ ተለውጧል።

«ባለፈው ወር መቶ ሰባ አምስት ነበር ግፊታቸው። ዛሬ መቶ ስምንት። ለእሳቸው ይሄ ደህና አይደለም፤ ወርዶ ገደል ነው። ልባቸው ሮጦ እንዳይነግረን ደግሞ ይሄ ክኒን ልጓም አስገብቶለታል። ጣፊያቸው ነው። ሆዳቸው ውስጥ እየደሙ ነው፣ ትከሻቸው የሚያቃጥላቸውም ለዚህ ነው። ሂድ፣ ቀዶ ሐኪሙን ጥራልኝ፤ አልመጣም ካለ በጆሮው ጎትተው!»

በጆሮው መጎተት አላስፈለገም። ቀዶ ሐኪሙ አልትራሳውንዱን እየገፋ መጣ፤ ሆዳቸው ላይ እንዳሳረፈው በስክሪኑ ላይ ጥቁሩ ነገር በጣፊያቸው ዙሪያ ተኝቶ ታየ። ደም ነው። «አሁኑኑ» አለ፤ «ግማሽ ሰዓት ከቆየን የምንቆርጠው አስከሬን ነው።»

ሲስተር የፈቃድ ወረቀቱን አቀረበች። «እማማ፣ የሚፈርሙት እርስዎ ነዎት። ሰውነቱ የእርስዎ ነው፤ የማንም ፈቃድ አያስፈልግም።»

አሮጊቷ እስክሪብቶውን ያዙና ሳይፈርሙ እጃቸውን ገቱ። በዚያ አቅም ባጣ ሰውነት ውስጥ እንደዚያ ያለ ጽናት ይኖራል ብዬ አላሰብኩም ነበር። «ልጄን ለመንግሥት አሳልፈሽ ላትሰጪው ማይልኝ። ካልማልሽ አልፈርምም። እዚሁ ልሙት።»

«እማማ፣ ጊዜ የለንም...»

«ማይልኛ! አባቱ በሕፃንነቱ ሞቶበት በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁት ነው። ከእኔ ሌላ ማን አለው?»

ሲስተር ወደ እኔ አየች። እኔ ወደ መሬት አየሁ። ሰዓቱ ይቆጥራል፤ ከንፈራቸው አመድ መስሏል።

«እሺ» አለች። «አልሰጠውም። እምላለሁ።»

ፈረሙ።

ቃሬዛውን ይዘን ስንወጣ ልጁ እዚያው ቆሟል። ቃሬዛው ወደ መውጫው ሳይሆን ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ሲታጠፍ አየ፤ የተቀደደውን ሹራብ አየ፤ የእናቱን ፊት አየ። ያን ጊዜ እጁን ከኪሱ አወጣ። የጣቶቹ አንጓዎች ሁሉ አብጠው ተልጠዋል።

«ወዴት ነው? ማን ፈቅዶ?»

«እሳቸው ፈርመዋል» አለ አዲሱ ሐኪም፣ እየሮጠ ደርሶ። «ውስጣቸው እየደማ...»

አልጨረሰውም። ሰውዬው በቡጢ አፍንጫው ላይ አሳረፈበት፤ ሐኪሙ ከግድግዳው ጋር ተላትሞ ቁጢጥ አለ፤ ደሙ በጣቶቹ መሃል ይወርዳል። ሰውዬው ቃሬዛውን በግርጌው በኩል ይዞ ወደ ኋላ ጎተተው። «እናቴ ናት! ቤቴ እወስዳታለሁ!  እማዬ፣ ምን ብለሽ ነገርሻቸው?» ቃሬዛው ሲናጥ አሮጊቷ ጮኹ። ከመጡ ጀምሮ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲናገሩ ያን ጊዜ ገና መስማታችን ነው።

ሲስተር በመሃል ገብታ ቃሬዛውን በደረቷ ገፋችው። «ዞር በል!»

ሰውዬው የጉሉኮስ መስቀያውን ብረት ከነጠርሙሱ ነቀለው። መጀመሪያ ሲሰነዝር ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ፈነዳና ስባሪው በሁላችንም ላይ ዘነበ። ሁለተኛውን ወደ እናቱ ይሁን ወደ እሷ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እሷ ግን በእናትየው ላይ ተደፋችባቸው። ብረቱ ከአንገቷ ሥር ወደ ትከሻዋ በሚሄደው አጥንት ላይ አረፈ። ሲሰበር ከክፍሌ በር ላይ ሆኜ ሰማሁት። ቀኝ እጇ ተንጠለጠለ። በግራዋ ቃሬዛውን እንደያዘች «ግፋ!» ብላ ቃሬዛ ገፊው ላይ ጮኸችበት፤ «ምን ታፈጣለህ፣ ግፋ!»

ሦስተኛውን ሊያሳርፍባት ብረቱን ከፍ አደረገ። እኔ ጀግና አይደለሁም፤ በሰፈራችን ፀብ ሲነሣ መጀመሪያ መስኮት የምዘጋ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን ጨረር የሚከለክለውን ከእርሳስ የተሠራ ልብሴን እንደለበስሁ ነበር፤ ስምንት ኪሎ ይመዝናል። አውልቄ በራሱ ላይ ጣልኩበትና እላዩ ላይ ወደቅሁበት። ከሥሬ እንደ ታሰረ በሬ ይፈራገጣል፤ ጉልበቱ ሆዴን ሁለቴ አገኘው፤ በስባሪ ጠርሙስ ላይ እየተንከባለልን ክንዴ ተተለተለ። ከየት እንደመጣ ሳላውቀው ያ ጆሮው የተቆረጠው ጫኝ፣ ከነፋሻው ዘሎ እግሩ ላይ ተቀመጠበት። «እናቱን ነው እንዴ የመታው? እናቱን?» ይላል፤ በቡጢም ያቀምሰዋል። ለጫኞቹ ፀብ የመጣው ፖሊስ ባርኔጣውን ጥሎ ደረሰና ካቴናውን አጠለቀለት።

ከኮሪደሩ ጫፍ፣ የቀዶ ጥገናው በር ሲዘጋ፣ የአሮጊቷ ድምፅ ይሰማ ነበር፦ «ልጄን አትምቱብኝ! ልጄን እንዳትገድሉብኝ!»

አንድ ሊትር ተኩል ደም ከሆዳቸው ወጣ። ጣፊያቸው እንደ በሰበሰ ቲማቲም ተሰንጥቆ ነበር፤ አወጡላቸው። ተረፉ።

በሦስተኛው ቀን ሲነቁ ሲስተር ክንዷን በፋሻ ደረቷ ላይ አስራ ከአልጋቸው አጠገብ ተቀምጣ ነበር። የእኔም ክንድ አሥራ አንድ ቦታ ተሰፍቷል፤ የሰፋችኝ እሷ ባትሆንም ቆማ «አስፍተሽ እዪ፣ ስባሪ እንዳይቀር» እያለች ሰፊዋን አሰልችታታለች።

«ልጄስ?» አሉ እናትየው።

«ታስሯል።»

«ማን ነገረበት?»

ሲስተር ምክንያት ነበራት። ፖሊሱ በዓይኑ አይቷል፤ አጥንቷን ሰብሯል፤ ሐኪሙን ደብድቧል። እሷ አፏን ባትከፍትም ይታሰር ነበር። ይህን ማለት ትችል ነበር። አላለችም።

«እኔ ነኝ፣ እማማ። ለፖሊስ ቃሌን ሰጥቻለሁ። ያደረገዎትን ሁሉ አንድ በአንድ አስመዝግቤያለሁ።»

«ምለሽልኝ ነበር።»

«ዋሽቼዎት ነው።»

አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከሆስፒታሉ እስከወጡበት ቀን ድረስ ከሲስተር እጅ ውኃ አልተቀበሉም።

ፍርድ ቤት የቀረብነው ከአምስት ወር በኋላ ነው። ዳኛዋ እናትየውን «ክንድዎን ማን ሰበረው?» ብለው ጠየቋቸው። ልጁ በተከሳሽ ሳጥን ውስጥ ቆሞ አንገቱን ደፍቷል። እናትየው እንደ ድሮው ቀድመው ወደ እሱ አዩና፣ «ወድቄ ነው፣ ክብርት ዳኛ» አሉ። ከአዳራሹ አንድ ሰው ተነፈሰ። ከዚያ እኔ ተጠራሁና ፎቶዎቹን በብርሃን ላይ ዘረጋሁ፤ የዘንድሮውን ክንድ፣ ትኩሱን ጎን፣ ድሮ የተሰበረውን ጎን። በመጨረሻ ከዚያ ስምንት ወር ቀድመው የተነሡትን ጣቶች አወጣሁና፣ «ይሄን ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ ያኔ እጅጌያቸውን አልገለጥሁም» አልኩ። ማንም ያን እንድናገር አላዘዘኝም። ሲስተርም የሰማችው ያን ቀን ነው። ከአዳራሹ ስንወጣ ደህናውን እጇን ጀርባዬ ላይ አሳርፋ፣ «እኔም የገደልኩት ሰው አለኝ፤ አንተ ቢያንስ ያንተዋ በሕይወት አለች» አለችኝ። ስድስት ዓመት ፈረዱበት።

እናትየው የእህታቸው ልጅ ዘንድ ገቡ፤ ልብስ ሰፊ ናት፣ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ። በየእሑዱ ምግብ ቋጥረው፣ ሁለት አውቶቡስ ቀይረው ልጃቸውን ሊጠይቁ ወህኒ ቤት ይሄዳሉ። ለክትትል ወደ እኛ ሲመጡ የሲስተርን በር ላለማለፍ በጓሮ ዞረው ይገባሉ። አንድ ቀን ግን ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ሲስተር ጎንበስ አለች፤ እሳቸው አንገታቸውን ቀና አድርገው አለፏት። አካሄዳቸው ፈጣን ነበር። እኔ በሲስተር ፋንታ ተናደድኩ፤ «ነፍሳቸውን አትርፈሽ! እንዴት ሰላምታ እንኳ...» ስላት አቋረጠችኝ።

«ወደውኝ ከሚሞቱ ጠልተውኝ ይኑሩ» አለች። ግን እንደተባለው ቀላል አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ፋሻ መጋዘኑ ውስጥ ገብታ ቆየች፤ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል፤ ምን ሆንሽ ስላት አቧራ አለችኝ። ፋሻ መጋዘን ውስጥ አቧራ እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን።

አጥንቷ ተጣሞ ገጠመ። ቀኝ እጇን ከትከሻዋ በላይ ማንሣት አትችልም፤ ቃሬዛ መግፋትም ተከለከለች። አሁን በሩ ላይ ተቀምጣ የሚገባውን ሁሉ መጀመሪያ የምታየው እሷ ናት፤ ለእኔ ከድሮው የባሰች ሆናለች። ጣት ስትልክልኝ ጎን አነሣለሁ፣ አንጓ ስትልክልኝ ክንድ እስከ ትከሻ አነሣለሁ። የክፍሉ ኃላፊ ፊልም ታባክናለህ ብሎ ሁለት ጊዜ ጽፎብኛል። ይጻፍ።

ባለፈው ዓመት የእህታቸው ልጅ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ጣቷን መርፌ ወግቷት አመርቅዞባት መጣች። ሲስተር እያሰረችላት ስለ አክስቷ ጠየቀቻት። ሴትየዋ መጀመሪያ አመነታች።

«ያንቺ ስም ቤታችን ውስጥ አይነሣም» አለች፤ «እውነቱን ልንገርሽ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ። ጤናቸው እንዴት ነው?»

«ደህና ናት። ምግብ ትበላለች። ጎረቤት ጋር ትጣላለች።» ሴትየዋ ፈገግ አለች። «መጀመሪያ እንደመጣች ማታ ማታ ወንበር እየጎተተች በሩ ላይ ትደግፍ ነበር። እኔ ስነሣ እንኳ ተነሥታ እጇን ፊቷ ላይ ታደርጋለች። ሁለት ወር ሙሉ እንዲያ ነበረች። አሁን በሩን ገርበብ አድርጋ ነው የምትተኛው። ስታንኮራፋ ከመንገድ ይሰማል።»

ሲስተር ፋሻውን አስራ ጨረሰች። ጫፉን በመቀስ ቆረጠችው።

«ከመንገድ?» አለች።

«ከመንገድ። ጎረቤቱ ከሷል።»

ሲስተር ሳቀች፤ ያቺ ክፍት የጥርሷ ቦታ እስክትታይ ድረስ ሳቀች። ከዚያ የሴትየዋን ጣት እንዳትረጥብ አስጠንቅቃ፣ ሐሙስ ተመልሳ እንድትመጣ ቀጠረቻት።